ባለቤት፦ እግዚአብሔር

ሆቴላችን አራት ባለቤት አይቷል። ወረቀት ይቆጠር ከተባለ ግን አምስት ነው፤ ለሦስት ወር ያህል በመንግሥት መዝገብ ላይ የእግዚአብሔር ነበርና። ቀልድ አይደለም። መዝገቡን በዓይኔ አይቼዋለሁ። «የባለቤቱ ስም» በሚለው ቦታ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «እግዚአብሔር» ተብሎ ተጽፏል። እዚያ ያስጻፈው የአባቴ ትህትና ነው። ቤቱ እንደገና ላይመለስ ከእጃችን የወጣው ግን በእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው። ይህን እስከ ዛሬ ከቤታችን ሰዎች በቀር የሚያውቅ የለም።

ሆቴል ስል ትልቅ ነገር እንዳታስቡ። ከነፋስ ስልክ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንድ መስመር የተደረደሩ ስምንት ክፍሎች፣ ከፊት ቡና ቤት፣ ከቡና ቤቱ ጀርባ እኛ የምንኖርባቸው ሁለት ክፍሎች፣ በመካከል ሦስት የጭነት መኪና ከተጣበበ አራት የሚያቆም ግቢ። የሠራው ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ያልተመለሰ ጣሊያናዊ መካኒክ ነው። መጀመሪያ ጋራዥ ብቻ ነበር አሉ። ሾፌሮች መኪናቸው እስኪጠገን ጎማ ሥር ሲተኙ አይቶ አንድ ክፍል ሠራ፣ ከዚያ ሁለተኛ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ደረሰ። ብሎኬት ባገኘ ጊዜ በብሎኬት፣ ባጣ ጊዜ በጭቃ ነው የሠራው፤ ስለዚህ ክፍሎቹ አይመሳሰሉም። አንድ ቁጥር ሰፊ ነው። ስምንት ቁጥር ደግሞ አልጋ ከገባበት በኋላ በሩ በቅጡ አይከፈትም።

ጣሊያኑ ሲሞት ቤቱ አብራው ለኖረችው ሴትዮ ቀረ። እሷም ዕድሜ ሲጫናት ለአባቴ ሸጠችለት። አባቴ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ፣ ያልሠራው ሥራ የለም፣ በመጨረሻ ጎፋ ሱቅ ከፍቶ ነበር። ሱቁን ሸጦ ሆቴሉን ገዛ። እኔ የተወለድኩት ስምንት ቁጥር ውስጥ ነው። ለምን እዚያ ብዬ እናቴን ስጠይቃት «ሌላው ሁሉ ተይዞ ነበራ!» ትለኝ ነበር።

አባቴ ሠርቶ አይደክመውም፣ አይጠጣም፣ ከሰው አይጨቃጨቅም። ግን ለባለ ሆቴልነት የማይሆን አንድ ነገር ነበረበት። በአገሩ መንገደኛ ደጅ ቆሞ ሲጣራ «ቤት የእግዜር ነው፣ ግቡ» ይባላል። ይህን ልማድ ይዞት መጣ። ሾፌር ከመኪናው ወርዶ «ጋሼ፣ አልጋ አለ?» ሲለው፣ አለ ወይም የለም ማለት ሲበቃው፣ «ቤት የእግዜር ነው፣ ግባ» ይለዋል። እናቴ ይሄ ነገር አይዋጥላትም። ሳፋ ሙሉ አንሶላ ታቅፋ በአጠገቡ ስታልፍ «የእግዜር ከሆነ አንሶላውንም እሱ ይጠብልኛ!» ትላለች፤ ሾፌሮቹ በሳቅ ይሞታሉ። አንድ ቀን ለምን እንደዚህ እንደሚል ጠየቅሁት። «ቤቱ የኔ ነው ብዬ በር ላይ ከቆምኩ እንግዳ በምን ዓይኑ ይገባል?» አለኝ። 

የትርፍ ቤት አዋጅ የታወጀ ክረምት ዘጠነኛ ክፍል ልገባ ነበር። ሬዲዮኑ አዋጁን ሲያነብ ሾፌሮቹ ዞረው አባቴን አዩት። እሱ ባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ብርጭቆ ያደርቃል። ምን ያስፈራዋል? የሚኖርበትም የሚሠራበትም ይኸው አንድ ግቢ ነው። አዋጁም ሰው የሚኖርበትንና የሚሠራበትን አይነካበትም፣ ቀርቦ ማስመዝገብ ብቻ ነው ይላል። «እኛን አይመለከትም» አለና ሌላ ብርጭቆ አነሳ።

መዝጋቢው የመጣው ነሐሴ ውስጥ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ። ካፖርቱን በራሱ ላይ ደፍቶ፣ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ይዞ፣ ጫማው በጭቃ ከብዶት በራችን ላይ ቆመ። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። የመንግሥት ሰው መሆኑን እንድናውቅለት ይመስለኛል፣ ገና ሳይገባ ጮክ ብሎ «ይህ ቤት የማን ነው?» አለ። አባቴ ጥያቄውን መቼ ሰማው! ያየው ዝናብ የመታው ሰው ነው። «ቤት የእግዜር ነው ልጄ፣ ግባ፣ በስብሰሃል» አለው።

ገባ። እናቴ ካፖርቱን ተቀብላ ምድጃው አጠገብ ሰቀለችለት፣ ሻይ ቀዳችለት። ሻዩን እየጠጣ ጠየቀ፤ ክፍሉ ስንት ነው፣ ውሃ አለው ወይ፣ መብራት አለው ወይ። ከላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን ቅርብ ነው ወይ ብሎም ጠየቀ። አባቴ ደስ እያለው «ቅርብ ነው፣ ደወሉ እዚህ ይሰማል» አለው። ለምን እንደጠየቀ ማናችንም አላሰብንም። ሲወጣ አባቴ በጃንጥላ እስከ አስፋልቱ ሸኘው። ተመልሶም «ተመዘገብን፣ ተገላገልን» አለ። ከዚያ በኋላ ቀበሌ ሄደህ ፎርም ሙላ ያለውን ሰው ሁሉ «ቤቴ ድረስ መጥተው ጽፈዋል» እያለ መለሰ።

ጥቅምት ላይ በቀበሌው ሰሌዳ ዝርዝር ተለጠፈ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቆሜ አነበብኩት። ከቤተ ክርስቲያን ወደ መንግሥት የተላለፉ ቤቶች ይላል፤ ከታች ወደ መጨረሻው ላይ የእኛ የቤት ቁጥር። ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ በጣቴ እየተከተልኩ ሁለተኛ አነበብኩት። ከዚያ ሮጬ ሄጄ ለአባቴ ነገርኩት፣ ተያይዘን ቀበሌ ሄድን።

ሊቀመንበሩ ጎረቤታችን ነው። ለዓመታት ከግቢያችን ጎን ጎማ ሲለጥፍ የኖረ፣ ምሳውን እኛ ዘንድ የሚበላ ጎሚስታ። አብዮቱ ሊቀመንበር አደረገው እንጂ ክፉ ሰው አልነበረም። መዝገቡን አውጥቶ ገለጠና ጣቱን ባለቤት የሚለው ላይ አሳረፈ። አነበበው። ሊቆጣጠረው ሞከረ፣ ግን ሳቁ አመለጠው። እኔም ሳቅሁ። አባቴም ምን እንደተጻፈ ስነግረው ሳቀ። ሦስታችን እዚያች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ያን ሳቅ ሳስታውስ እስከ ዛሬ ያመኛል።

«ጋሼ፣ ቀላል ነው» አለ ሊቀመንበሩ ዓይኑን እየጠረገ። «ቤቱ የእግዚአብሔር አይደለም፣ የኔ ነው ብለው ማመልከቻ ያስገቡ። እሑድ ስብሰባ አለ፣ እኔ ራሴ እመሰክራለሁ፣ አለቀ።»

አባቴ ሳቁን አቆመ። «እንዲህማ አልልም» አለ።

«ምኑን ነው የማይሉት?»

«የእግዜር አይደለም አልልም።»

«ታዲያ ምን ሊሉ ነው?»

«ቤቱ የእግዜር ነው። የገዛሁት እኔ ነኝ፣ የምሠራበት እኔ ነኝ፣ ልጆቼን የማሳድግበት እኔ ነኝ። እንዲህ ተብሎ ይጻፍልኝ።»

ሊቀመንበሩ ጣቱን መልሶ መዝገቡ ላይ አሳረፈ። «ጋሼ፣ ለባለቤት የተተወው አንድ መስመር ነው» አለው። «ወይ እሱ ነው የሚጻፈው፣ ወይ እርስዎ።»

ያ ሳምንት ቤታችን ውስጥ ሳምንት አልነበረም። እናቴ መጀመሪያ ተሳደበች፣ ቀጥላ ለመነች፣ ሐሙስ ዕለት አንሶላ እያጠበች ሳፋው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። «አንድ ቃል እኮ ነው፣ በልና ተመለስ!» ትለዋለች። አባቴ የመለሰላትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «እዚህ በር ላይ ቆሜ ስንት ሰው በዚህ ቃል አስገባሁ። ሲመቸኝ የእግዜር፣ ሲጨንቀኝ የኔ ልበል?» ከዚያ ወጥቶ ግቢውን መጥረግ ጀመረ፤ የተጠረገ ግቢ።

እኔ ተናደድኩበት። እውነቱን ለመናገር አፈርኩበትም። ክፍል ውስጥ ድርሰት የሚነበብልኝ ልጅ ነኝ። መንግሥትና ወረቀት እንዴት እንደሚሠሩ የገባኝ ይመስለኛል። አባቴ ደግሞ ከአንድ የአገር ቤት ሰላምታ ጋር ተጣብቆ እናቴንና ታናናሽ ወንድሞቼን ሜዳ ላይ ሊጥል ነው ብዬ አሰብኩ።

አባቴ ማንበብ አይችልም። ከአገር ቤት ከወንድሙ ደብዳቤ ሲመጣ የማነብለት፣ መልሱንም የምጽፍለት እኔ ነበርኩ። «ዓይኔ» ነው የሚለኝ። ሰው ወረቀት ሲያመጣለት «ቆይ፣ ዓይኔ ትምጣ» ሲል በኩራት ልፈነዳ እደርሳለሁ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጠራኝና ጻፊልኝ አለኝ። ቡና ቤቱ ውስጥ ጥግ ላይ ተቀመጥን። እሱ በቃሉ ይናገራል፤ ቤቱ የእግዜር ነው፣ የገዛሁት እኔ ነኝ፣ ሌላ ቤት የለኝም፣ ትፈርዱልኝ ዘንድ አመለክታለሁ። እኔ እጽፋለሁ። የጻፍኩት ግን ሌላ ነው። «ቤቱ የእግዚአብሔር ወይም የቤተ ክርስቲያን ያለመሆኑንና የግል ንብረቴ መሆኑን በጣት አሻራዬ አረጋግጣለሁ» ብዬ ጻፍኩ።  በጣም ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነው ብዬም ተደሰትኩበት።

«እስቲ አንብቢልኝ» አለ።

ወረቀቱን ከፊቴ ይዤ፣ ዓይኔን ከመስመር መስመር እያሻገርኩ፣ እሱ ያለውን ደገምኩለት። የሌለ ነገር አነበብኩ። «ድገሚልኝ» አለ። ደገምኩለት። ራሱን ነቀነቀ፣ አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቼ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት። «ተባረኪ፣ ዓይኔ» አለኝ። ማመልከቻ ማለት ፋይል ውስጥ ገብቶ የሚቀር ነገር መስሎኝ ነበር። ቤቱ ይመለሳል፣ አባቴ በር ላይ ቆሞ ያንን ቃሉን ማለቱን ይቀጥላል፣ አንድም ቀን አያውቅም። ያሰብኩት ይህን ነበር።

እሑድ ጠዋት የዕድር አዳራሹ ሞላ። ሰፈሩ ሁሉ አለ፤ ከለቡ በኩል ወተት የምታመጣልን ሴትዮ እንኳ ስለ መሬቷ ልትጠይቅ መጥታ ከኋላ ቆማለች። ሊቀመንበሩ ማመልከቻዎቹን ተራ በተራ እያነሳ ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር። የመጀመሪያውን ሲያነብ የእኛም እንደሚነበብ ገባኝ። እነሱ ሰው የማይሰማው ነገር እንዳይሠራ ብለው ነው፤ አሠራራቸው ነበር። የሚነግረኝ ሰው ግን አልነበረም። ተነስቼ ወረቀቱን ልነጥቀው አሰብኩ፣ መነሳት አቃተኝ።

የእኛ ደረሰ። ሊቀመንበሩ ደስ ብሎት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «የእግዚአብሔር ያለመሆኑንና የግል ንብረቴ መሆኑን» የሚለው ላይ ሲደርስ ሰዎች አጨበጨቡ፤ ነገሩ ሰፈር ውስጥ ተወርቶ ስለነበር ደስ ብሏቸው ነው። አባቴ ቆቡን አውልቆ ተነሳ።

«ይቅርታ» አለ። «ይሄ የኔ ቃል አይደለም።»

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አገላበጠ። «አሻራው የእርስዎ አይደለም እንዴ?»

«አሻራው የኔ ነው። ቃሉ አይደለም።»

«ጋሼ፣ ይቀመጡ፣ ጥሩ ተብሎ ነው የተጻፈው» አለው፣ በዓይኑ እየለመነው። ከኮሚቴው መካከል ግን መነጽር ያደረገ፣ የማናውቀው፣ ከቀበሌው በላይ ካለው ከፍተኛ የተላከ ሰው ነበር። እሱ ቀና አለ። «ያላሉትን ጽፎ ያስፈረመዎት ማነው? ይሄ ማጭበርበር ነው፣ ያስጠይቃል። ስሙን ይናገሩ» አለ።

አባቴ ከፊት ነበር፣ እኔ ከኋላው ሁለት አግዳሚ ወንበር ርቄ። አልዞረም። ጀርባውን አየዋለሁ፤ የእሑድ ካፖርቱን ለብሷል። 

«አላውቀውም» አለ።

«ማን እንደጻፈልዎት አያውቁም?»

«አላውቅም።»

አዳራሹ ሳቀበት። አንዱ «ያም እግዜር ይሆናላ!» አለ፣ ሌላ ሳቅ። አባቴ በሕይወቱ ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቤቱን ሊያድንበት ያልፈለገውን ነገር ለእኔ አደረገው። መነጽር ያደረገው ሰው ማመልከቻው ውድቅ ነው አለና ጻፈ፤ ሊቀመንበሩም አንገቱን ደፍቶ የሚቀጥለውን አነሳ።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ወንድሞቼን እየጎተተች ቀድማን ሄደች። እኔ ከአባቴ ጎን ሄድኩ። ግቢያችን ጋ ስንደርስ «አባባ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት።

«ምኑን?» አለኝ።

«ማመልከቻውን።»

«ማን እንደጻፈው አላውቅም አልኩ እኮ» አለና ገባ።

በቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላውቅም ያለውን ቃል እቤታችን ውስጥም አላፈረሰውም። ቢቆጣኝ፣ በቀበቶው ቢገርፈኝ ደስ ባለኝ። ያልሠራሁትን ነገር ይቅር ሊለኝ አይችልም፤ እንዲህ አድርጎ ይቅርታውን ዘጋብኝ።

ሆቴሉን ቀበሌው ያዘው። ከጀርባ ያሉትን ሁለት ክፍሎች በተከራይነት ተዉልን። እናቴ እነዚያኑ አንሶላዎች የቀበሌው ሠራተኛ ሆና ማጠብ ቀጠለች፣ መቀለዱን ግን ተወች። አባቴ ጎፋ አንድ ወፍጮ ቤት ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ሾፌሮቹ እየቀሩ ሲሄዱ ቀበሌው አልጋ ማከራየቱን ተወና ክፍሎቹን ለስምንት ቤተሰብ አደላቸው። የተወለድኩበት ስምንት ቁጥር ውስጥ አምስት ሰው ገባበት።

ቤቱን ማጣታችንን መልመድ አላስቸገረኝም፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ሆኖ ነበር። ያልለመድኩት ደብዳቤውን ነው። ከስብሰባው በኋላ የመጀመሪያው ከአገር ቤት ሲመጣ እንደ ልማዴ እጄን ዘረጋሁ። አባቴ ፖስታውን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። «ልብስ ሰፊው ያነብልኛል፣ በዚያው ስለማልፍ» አለኝ። ረጋ ብሎ ነው ያለው። ቀጣዩንም ለልብስ ሰፊው ወሰደው፣ ከዚያ የመጣውንም። ዓይኔ ብሎ አልጠራኝም፤ በስሜ መጥራት ጀመረ፣ በትሕትና።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ማስተማሪያው የእኛው ቡና ቤት ሆነ። ባንኮኒውን ነቅለው ጥቁር ሰሌዳ ሰቀሉበት። አባቴ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ነው። ከወፍጮ ቤቱ ወጥቶ፣ ዱቄቱን ከካፖርቱ አራግፎ፣ ድሮ ብርጭቆ ያደርቅበት የነበረው ቦታ ላይ ከአሮጊቶቹ ጋር ተቀምጦ ሀ ሁ ይላል። አስተማሪዎቹ አደነቁት፣ በዚህ ዕድሜ እንዲህ የሚተጋ አላየንም ብለው የምስክር ወረቀት ሰጡት። እናቴም ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ ያኔ ሳቀችለት። ለምን እንደሚተጋ የማውቀው እኔ ነኝ። በመስኮቱ ስር ሳልፍ ድምፁን ከሌሎቹ ለይቼ እሰማዋለሁ፤ በፍጥነት እራመዳለሁ።

ደርግ ሊወድቅ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው ሆዱን ታመመ። እናቴ ካረፈች ቆይታለች፣ ወንድሞቼ ብሔራዊ ውትድርና ሄደዋል፤ ያለሁት እኔ ነኝ። አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ማመልከቻ የምተይብ። ፈቃድ ወስጄ ሆስፒታል አጠገቡ ተቀመጥኩ። አስታመምኩት፣ አጠብኩት፣ አበላሁት፤ ሁሉንም እሺ ይለኛል። እንዳይሞትብኝ ፈርቼ ነበር፣ ግን ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ አንብቢልኝ ቢለኝ እያልኩ እጠብቅ ነበር። ጋዜጣም ቢሆን።

ቀዶ ጥገና በሚደረግለት ቀን ጠዋት ነርሷ የስምምነት ወረቀት ይዛ መጣች። «አባት፣ ልጅዎ ታንብብልዎና ይፈርሙልን» አለችው። እጄን ዘረጋሁ። አባቴ ቀደመኝ።

«አይ፣ እኔው አነበዋለሁ» አለ።

ትራሱን ደግፌ አስቀመጥኩት። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብሎ፣ ያንን አውራ ጣቱን ከፊደል ፊደል እያዛወረ፣ በሹክሹክታ ማንበብ ጀመረ። ነርሷ ሰዓቷን አየች። ወረቀቱ ግማሽ ላይ ሲደርስ አንድ ቃል ያዘው። «ሰ… መ… መ…» አለና ቆመ። ከመጀመሪያው ጀመረው፣ እንደገና ያዘው። ጉልበቴ አልጋውን ነክቷል፣ ትንፋሹ ይሰማኛል። ቃሉን አፌ ውስጥ ይዤ ጠበቅሁት።

ቀና አለ። ወረቀቱን በእኔ ላይ አሻግሮ ለነርሷ አሳያት።

«ልጄ፣ ይቺ ምን ትላለች?» አላት።

«ሰመመን» አለችው። «እንዳያምዎት የሚያስተኛዎት መድኃኒት ነው።»

አመሰገናት። የቀረውን አንብቦ ጨረሰ፣ እስክሪብቶ ተቀብሎም ስሙን በደንብ አድርጎ ጻፈ። ከዚያ ወሰዱት። ከሰመመኑ አልነቃም።